ሽማግሌዎቹ ወደ እኔም መጥተው ነበር

ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ትናንት ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ሦስት ሽማግሌዎች ቤት መጡ። አንደኛው የዕድራችን ዳኛ ናቸው። «እሺ ካላሉን አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ቆሙ። የመጡት ስለዚያ ተጫዋቿን በጥፊ ስለመታው ረዳት አሰልጣኝ ነው። የልጆች አባት ነው፣ በንዴት ያደረገው ነው፣ ልጅዎ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ ናትና እንጀራውን እንዳትቆርጥ ይለምኑልን አሉኝ። እናትሽ ቡና አቅርባ ነበር፤ ሳይጠጡ ሄዱ፤ እሺ አላልኳቸውምና። ለምን እንዳላልኩ ለእነሱ አልተናገርኩም። ለአንቺ ግን መናገር አለብኝ።

በ1986 ዓ.ም. የሰውነት ማጎልመሻ መምህርና የኮሌጃችን የአትሌቲክስ ቡድን መሪ ነበርኩ። ልምምዳችን ጃን ሜዳ ነበር። አንድ ቀን በዱላ ቅብብል ልምምድ ላይ አንዲት ሯጭ ዱላው ከእጇ አመለጣት። አሰልጣኙ ዱላውን ከመሬት አንሥቶ ክንዷን በዚያው መታት። ቁስሉ አልነበረም ያስደነገጠኝ፤ ልጅቷ አለማልቀሷ ነበር። ክንዷን በሹራቧ ሸፍና ወደ መነሻው መስመር ተመለሰች።

ዲኑ «ነገሩን በእርቅ ጨርሱት» አሉን። ሽማግሌ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። በቢሮዬ አስቀመጥናቸውና «ታላቅሽ ነው፣ አባትሽ ማለት ነው» ተብላ የተመታችው ልጅ ተነሥታ የመቺውን ጉልበት ሳመች። እኛም አጨበጨብን። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ጃን ሜዳ አልመጣችም። አሰልጣኙ በዓመቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር «በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩለት። እዚያም ሌላ ልጅ መታ።

እርቅ ክፉ ነገር አይደለም፤ ያደግኩበት ነው። ጎረቤትና ጎረቤት፣ ባልና ሚስት ይታረቁበታል። ተጫዋችና አሰልጣኝ ግን እኩል አይደሉም። ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። ልጅቷ «ይቅር ብያለሁ» ብትል ከልቧ ይሁን ከፍርሃቷ እንዴት ትለያላችሁ?

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር እንዳልሆነ ያወቅኩት ኋላ ሳነብ ነው። በአሜሪካ የረትገርስ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ማይክ ራይስ ልምምድ ላይ ተጫዋቾቹን ይገፈትር፣ ኳስ ይወረውርባቸው፣ ይሰድባቸው ነበር። የቡድኑ ባልደረባ የነበረ ሰው ቪዲዮውን በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለስፖርት ክፍሉ ኃላፊ አሳየ። ቅጣቱ የሦስት ጨዋታ እገዳና የገንዘብ መቀጮ ሆነ፤ ሰውየው ወደ ወንበሩ ተመለሰ። በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ያው ቪዲዮ በቴሌቪዥን ሲታይ ግን በማግስቱ ተባረረ፤ ረዳቱም ለቀቀ፤ ቅጣቱን ያቀለለው ኃላፊም በዚያው ሳምንት ሥልጣኑን ለቀቀ። ጥፋቱ በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር። የተለየው ሕዝብ ማየቱ ነው። ይህ ያሳፍረኛል፤ እኛም ያደረግነው ያንኑ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ወጌሻው ለልጅቷ ጉንጭ በረዶ እንዳደረገላት ነግረሽኛል። እንግዲያውስ አውቋል። በዕለቱ የልምምድ መዝገብ ላይ ለምን አልጻፈም? የቡድን መሪውስ? በአሜሪካ በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2001 እ.ኤ.አ. አንድ የቡድኑ ረዳት፣ ሌላ የቀድሞ አሰልጣኝ በሕፃን ላይ ሲባልግ አይቶ ለዋናው አሰልጣኝ ለጆ ፓተርኖ ነገረ፤ እሱም ለአለቃው ነገረ፤ ወሬው ወደ ላይ ወጣና ቀረ። አደባባይ የወጣው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። እያንዳንዱ ሰው ለበላዩ ነግሮ የጨረሰ መስሎት ነበር። የመቺውን ብቻ ሳይሆን የዝምተኞቹንም ቃል ተቀበሉ።

ሰውየውንም አትበድሉት። ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው፣ መልስ ይስጥ፣ ምስክር ያቅርብ። ከማስጠንቀቂያ እስከ ከሥራ ማሰናበት ባለው ውስጥ ጥፋቱ የሚመጥነውን ወስኑ፤ ከዚህ ቀደምም መትቶ እንደሆነ አጣሩ። ልጅቷን ግን እሱ ባለበት ክፍል ውስጥ ቃሏን አትጠይቋት። እባክሽ፣ ይህን አትርሺ። ሥራውን ከለቀቀም የሚቀጥለው ቀጣሪ እውነቱን የሚያይበት መዝገብ ይኑር።

የዚያን የድጋፍ ደብዳቤ የካርቦን ቅጂ ከአሮጌ ፋይል ውስጥ አገኘሁት። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ፊርማዬ ግን ይነበባል። ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ኮሚቴው ዘንድ «ተዉት፣ በእርቅ ይለቅ» የሚል ካለ አሳዪው። ስሜን አትሸፍኚ።

አባትሽ