«ያው ዳውን ስለሆነች ነው» የሚለው መልስ አይበቃንም

ዳውን ሲንድረም ያለባት ልጄ እስከ አራት ዓመቷ ድረስ እንቅልፍ ታበዛ ነበር። ሆዷ ይደርቃል። እጅና እግሯ ይቀዘቅዛል። በሄድኩበት ሁሉ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፤ «ያው ዳውን ስለሆነች ነው።» አምኜ እመለሳለሁ። በኋላ አንዲት ሐኪም ደሟን አስመረመረች። ለካ አንገቷ ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን አንሶ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት የምትወስደው ትንሽ ኪኒን ታዘዘላት። ወራት ሳይቆይ ልጄ ነቃች፤ ወንድሟን እያባረረች መሮጥ ጀመረች። ያለፉት አራት ዓመታት ግን አሁንም አንጀቴን ይበሉኛል።

ዳውን ሲንድረም የሚመጣው በሕዋሳችን ውስጥ ዘረመልን ከሚይዙት ክሮሞዞሞች 21ኛው በሁለት ፈንታ ሦስት ሲሆን ነው። እርግማን አይደለም። የእናት ጥፋትም አይደለም። አብረውት የሚመጡት ሕመሞች ደግሞ አብዛኞቹ ይታከማሉ። ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ብዙዎቹ ከጆሯቸው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም በደንብ አይሰሙም፤ እኛ ግን «አፉን አልፈታም» ብለን እናልፈዋለን። አሜሪካ ውስጥ በ1983 እ.ኤ.አ. አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ 60 ገደማ ደርሷል። ክሮሞዞሙ ያው ነው። የተለወጠው ሕክምናውና ክትትሉ ነው።

አዲስ አበባ ያለን ወላጆች ለአንድ ቅድመ ጥናት ገንዘብ እያዋጣን ነው። ጥያቄያችን ቀላል ነው፦ ከልጆቻችን መካከል ታይሮይዳቸው፣ ጆሯቸውና ልባቸው ሳይታይ የቀረው ስንቶቹ ናቸው? ለምርምር ትልቅ ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች መጀመሪያ መነሻ መረጃ አምጡ ይላሉ። መረጃውን ለመሰብሰብ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይቺን መነሻ ነው ከእናንተ የምንለምነው።

ገንዘቡ ለደም ምርመራ፣ ለጆሮ ምርመራና ለልብ አልትራሳውንድ ይውላል። ልጇን አዝላ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይራ ለምትመጣ እናትም የትራንስፖርት እንከፍላለን። ይሄን ትንሽ ወጪ አትበሉት፤ ብዙዎቻችን ቀጠሮ የምናስቀረው በታክሲ ሂሳብ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ ከአንድም ልጅ ደም አይወሰድም። ችግር የተገኘበት ልጅ ደግሞ ወደ ሕክምና ይላካል እንጂ ተመዝግቦ ብቻ ወደ ቤቱ አይመለስም።

ለዕድር የምታዋጡትን ያህል ብትሰጡን ይበቃናል። ደረሰኝ እንሰጣለን፤ ወጪውንም በየወሩ እናሳውቃለን። ውጭ አገር ያላችሁ እህት ወንድሞቻችን፣ በተለይ የጆሮ ምርመራ ባለሙያዎች፣ ለእረፍት ስትመጡ ሁለት ቀን ስጡን።

ገንዘብ ያልተመቻችሁ ደግሞ ሰፈራችሁ ውስጥ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ካለ፣ የታይሮይድ ምርመራ በየዓመቱ እንደሚያስፈልገው ለእናቱ ንገሩልን። እኔን የነገረኝ አልነበረም።