ሞርፊኑ የት ይቀራል? ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ሞርፊንና መሰል ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች የሚቆለፉበትን የናርኮቲክ ቁም ሣጥን ቁልፍ ልትረከቢ ነው መባሉን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቁልፍ የያዘ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስበው እንዳይጎድልበት ነው። ተቆጣጣሪም ሲመጣ የሚጠይቅሽ ስለጎደለው ጠርሙስ እንጂ ሕመሙ ሳይታገሥለት ስላደረው ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የናርኮቲክ ስምምነት ግን ሁለቱንም ያዛል፤ መድኃኒቱ ከሕክምና ውጭ እንዳይወጣ መጠበቅንም፣ ለሕመምተኛ በበቂ መጠን እንዲገኝ ማድረግንም። ብዙ አገሮች ፊተኛውን በሕግ አጥብቀው ኋለኛውን ረሱት።

ችግሩ ዋጋው ነው የሚሉሽን አትስሚ። ሞርፊን ከዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ዱቄቱም ርካሽ ነው። ሆኖም ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እ.ኤ.አ. እንዳሰላው፣ በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው፣ በሞርፊን ልክ ተሰልቶ 298.5 ቶን ከሚሆነው ኦፒዮይድ (ሞርፊንና የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ) ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነበር።

ሞርፊኑ የሚቀረው መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነው። እያንዳንዱ አገር ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስፈልገውን መጠን ገምቶ በቪየና ላለው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ያሳውቃል። ግምቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ካለፈው ዓመት ፍጆታ ነው። መድኃኒቱ አልቆ ከነበረ ፍጆታው ዝቅ ይላል፣ የሚቀጥለው ግምትም አብሮት ይወርዳል፣ እጥረቱ በራሱ ላይ ይራባል። ስለዚህ ከሕመምተኛ ቁጥር ተነሺ። የተለመደው ስሌት በካንሰር ከሚሞቱ 100 ሰዎች 80ው እያንዳንዳቸው በቀን ከ60 እስከ 75 ሚሊግራም ሞርፊን ለ90 ቀን ያህል ያስፈልጋቸዋል ይላል። ይህ ሲደመር ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ለቦርዱ የሚቀርበው ቁጥር በንጹሕ ሞርፊን መሆኑን ግን አትርሺ፤ በመድኃኒቱ ውስጥ የሚገባው የሞርፊን ጨው ሞርፊን ሰልፌት ይባላል፣ አንዱ ኪሎ ሦስት አራተኛ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ሞርፊን ብቻ አለው። ግምቱ ካነሰም ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፣ ተጨማሪ ግምት ማቅረብ ይቻላል። ይህን የማያውቅ ኃላፊ ታገኚያለሽ፤ ንገሪው።

ቀጥሎ የሚቀረው ማዘዣው ላይ ነው። ልዩ ማዘዣ የሚይዙት ጥቂት ሐኪሞች ብቻ ከሆኑ፣ ወይም የሚፈቀደው የጥቂት ቀን መጠን ከሆነ፣ መነሣት ያቃተው ሰው በየጊዜው ይመላለሳል። ዑጋንዳ ይህን የፈታችው በ2004 እ.ኤ.አ. ሕጓን አሻሽላ በማስታገሻ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች (ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች) ሞርፊን እንዲያዙ በመፍቀድ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ እስከ ዛሬ ካየናቸው መፍትሔዎች የሚበልጠው ይኸው ነው።

አሁን መድኃኒት በሚሰጥበት መስኮት ላይ ስትቆሚ። የሚዋጠው ፈሳሽ በ5 ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ያለውም፣ 50 ሚሊግራም ያለውም አለ፤ ሁለቱን ማምታታት ዐሥር እጥፍ መስጠት ነው። ማዘዣው «5 ሚሊ» ብቻ ካለ ሚሊግራም ይሁን ሚሊሊትር ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትስጪ። ጠርሙሱ ላይ ሁለቱንም ጻፊ፤ መለኪያ ሲሪንጁን ሰጥተሽ ቤተሰቡ በፊትሽ ይለካ።

ለአዋቂ መነሻው ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ 5 ሚሊግራም ነው፣ ለደከመ ሽማግሌ 2.5። ሕመም ሲመጣ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ ይወሰዳል። መሃል ላይ ሕመሙ ከገፋ ያንኑ የ4 ሰዓት መጠን ተጨማሪ ይወስድና ይመዘግባል። ለምሳሌ በየ4 ሰዓቱ 10 የሚወስድ ሰው በቀን አራት ተጨማሪ ከወሰደ ድምሩ 100 ሚሊግራም ሆነ፤ ለስድስት ሲካፈል ሐኪሙ አዲሱን መጠን 15 አካባቢ ያደርገዋል። ጣሪያ የሚባል ቁጥር የለውም፣ የሚወስነው ሕመሙና ንቃቱ ነው። ማቅለሽለሽና መፍዘዝ በጥቂት ቀናት ይለቃሉ። የሆድ ድርቀት ግን አይለቅም፤ ስለዚህ የሆድ ማላላቻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ የሚቀጥለው መጠን ይቆይ፣ ሐኪም ወዲያው ይጠራ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚወጣው ውላጅ ስለሚጠራቀም ሐኪሙ ይቀንሳል፣ ያራርቃልም። ቀስ እያለ የሚለቀው የ12 ሰዓቱ ክኒን አይፈጭም፤ ከተፈጨ የግማሽ ቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል።

«ሱሰኛ ይሆናል» የሚል ቤተሰብ ይመጣል። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱና ሱስ የተለያዩ ናቸው፤ ለምዶ ድንገት ሲቋረጥበት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ይህን የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶው ቁም ሣጥን ነው። እንግዲህ ቁጥሩን አስቀድመሽ አስቢ፤ በቀን 60 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በቀጭኑ ፈሳሽ (በ5 ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ባለው) 60 ሚሊሊትር ይጨርሳል፣ በ14 ቀን 840። ለእያንዳንዱ ጭነት የአስመጪውም የላኪውም አገር ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ወራት ይወስዳል፤ ትእዛዙ መውጣት ያለበት ክምችቱ ገና ብዙ ሳለ ነው።

አባትሽ