ባትሪው ከመቀየሩ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሙዚቀኛ ከተዘጋ የምሽት ክበብ አሮጌ ያማሃ ዲኤክስ 7 ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ገዝቶ «ባትሪው ደክሟል፣ ነገ አስቀይረዋለሁ» ሲለኝ ክው አልኩ። ሮጬ ደረስኩበት። ሌላውም ሰው እንዳይቸኩል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የራሴን ዲኤክስ 7 የገዛሁት በ1981 ዓ.ም. ከውጭ ትምህርት ከተመለሰ ሰው ነው። የአሜሪካ ስለነበር በ110 ቮልት ትራንስፎርመር ነበር የማስነሳው። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር አንዴ ክበብ ከገባን እስኪነጋ መውጫ የለም። ባንዱ ሲያርፍ እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳውንድ፣ ማለትም ኪቦርዱ የሚያወጣው የራሴን ድምፅ፣ እሠራ ነበር።

ኪቦርዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። እንደ ሙግ ሲንተሳይዘር እየዞረ ድምፅ የሚቀይር ቁልፍ የለውም፤ ያለው ጠፍጣፋ መጫኛ፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ የምታሳይ ጠባብ መስኮትና አንድ የቁጥር ተንሸራታች ነው። ለእያንዳንዱ ድምፅ ስድስት ሞገድ አመንጪዎች አሉት፤ አንዱ ሌላውን እየነቀነቀ ነው የድምፁ ቀለም የሚወጣው። ዘዴውን ያገኘው የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ጆን ቻውኒንግ ነው። ስድስቱ እርስ በርስ የሚያያዙባቸው 32 መንገዶች ኪቦርዱ ፊት ላይ በሥዕል ታትመዋል።

የክራር ድምፅ ለማውጣት ነቅናቂው ሞገድ ጅማቱ እንደተመታ ወዲያው መሞት አለበት። በጣም ከፈጠነ እንጨት የተንኳኳ ይመስላል፣ ከዘገየ ደወል ይሆናል። ትክክለኛዋን ቁጥር እስካገኝ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ለዋሽንቱ ደግሞ በአፍ የሚነፋውን የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ሰካሁበት፤ ስነፋ ድምፁ ይሞላል፣ ስተው ይከስማል። ይህ መሣሪያ ከእኛ ቅኝት ጋር አይሄድም የሚል ሰው፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ዲኤክስ 7ን፣ ሙግንና ሮድስ የተባለውን ኤሌክትሪክ ፒያኖ ከአኮርዲዮን ጋር አዋህዶ የቀዳውን ያዳምጥ።

ዲኤክስ 7 ራሱ በዓለም ላይ በብዛት ተሸጧል። ብርቁ ባለቤቱ የሠራቸው ሳውንዶች ናቸው። ውስጡ 32 ሳውንድ ይይዛል፤ ይዟቸው የሚቆየው ግን ቦርዱ ላይ በተበየደች፣ በመጠን ከአምሳ ሳንቲም በማትበልጥ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። የእኔ ስትደክም ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ነቅሎ አዲስ በየደልኝ፤ ብየዳው ንጹሕ ነበር። ቤት አምጥቼ ሳበራው መስኮቱ ላይ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት ተደርድረዋል። ክራሩም የለም፣ ዋሽንቱም የለም። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ አልጻፍኳቸውም ነበር። ብዙ ጊዜ መልሼ ሞከርኩ፤ ያ ክራር አልመጣም።

ስለዚህ ዲኤክስ 7 ያላችሁ ሁሉ «ፈንክሽን» የሚለውን፣ ቀጥሎ 14 ቁጥርን ተጫኑ፤ የባትሪውን ቮልት ያሳያችኋል። ከዚያ ማንም ክዳኑን ሳይከፍት 32ቱንም ሳውንድ በሚዲ ገመድ (የሙዚቃ መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው) ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ በመሣሪያው ካርትሪጅ (ተሰኪ ማስቀመጫ) ላይም ማስቀመጥ ይቻላል።

የወጣቱን ገልብጠንለታል። ከሳውንዶቹ መካከል አንድ ሰው የሠራው ማሲንቆ አለ፤ ሠሪውን አናውቀውም። ይህን ያነበበና በዚያ ዘመን ክበብ ውስጥ ማሲንቆ በኪቦርድ የሠራ ሰው ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፍ፤ ሳውንዱን እመልስለታለሁ።

አንድ የኪቦርድ ተጫዋች
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ