አመዱ ሳይበርድ አትድፊው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎጆ የወጣሽበት አገር ከደጀን በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ መሆኑን ከሰማሁ ጀምሮ ሐሳብ ይዞኛል። የመጋቢት ፀሐይ እዚህ ደንበጫ እንኳ ራስ ያዞራል። ያ ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ነው፤ ሣሩ በዚህ ወር ሲነኩት ይፈረፈራል።

እስከ ዛሬ ያልነገርሁሽ ነገር አለ። በ1989 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አንቺ ገና ጡት ሳትተዪ፣ የመንደራችንን እሳት ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችን ያንን ቃጠሎ ሲያነሡ ሰምተሻል፤ ከማን ቤት እንደ ተነሣ ግን በፊትሽ አይናገሩም፤ ለእኔ አዝነው ነው። ጠዋት እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ የምድጃውን አመድ ዛቅሁና ጓሮ ደፋሁት። ነጭ፣ ድርቅ ያለ አመድ ነበር፤ እጄን እንኳ አላስጠጋሁበትም። ቀትር ላይ ነፋሱ ሲነሣ የላዩን አመድ ገፈፈውና ከሥር ያደፈጠው ፍም ቦግ አለ። ከዚያ እስከ ጤፍ ጭዱ ክምር ዐሥር እርምጃ አይሞላም።

እሪ ብዬ ሰው እስኪደርስ ክምሩ አልቆ የጎረቤታችን የሣር ክዳን ተያይዞ ነበር። ወንዝ ሩቅ፣ ውኃውም የበጋ ውኃ። ወንዶቹ እርጥብ ቅጠል ቆርጠው ይደበድባሉ፣ እኛ ሴቶቹ አፈር በእንቅብ እያመላለስን እንበትናለን። ቀጥሎ ያለውን ቤት ያዳነው ውኃ አይደለም፤ ክዳኑን በማጭድ ቀድደው ስላወረዱት እሳቱ የሚበላው አጥቶ ቆመ። በረት ውስጥ የታሰረችውን ጥጃ ግን ገመዷን የሚቆርጥላት አልደረሰም። ድምፅዋ አሁንም ይሰማኛል። አባትሽ አንድ ቀን እንኳ በዚህ ወቅሶኝ አያውቅም።

አመድ አድሮም ፍም ይይዛል፣ ልጄ። ውኃ አርከፍክፈሽ በእንጨት አማስዪው፤ ጭስ ካለው ድገሚው። ከዚያም ከቤትና ከጭድ ርቆ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይደር።

ባልሽ ማሳ ሊያጸዳ ገለባ አቃጥላለሁ ካለ ለምኚው፤ ቢቀርበት ይሻላል። እምቢ ካለም ቀትር ላይ አይሁን፣ ነፋስ ባለበት አይሁን፤ ዙሪያውን አፈሩ እስኪታይ ይመንጥር፤ ጎረቤት ይጥራ፤ ጥሎትም አይሂድ። ማር ሲቆርጥም ችቦውን አፈር ውስጥ ቀብሮ ይመለስ። የናንተ አገር ገደል ነውና ይህንንም ያዢ፦ እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል። ከበታችሽ ከተነሣ ወደ ላይ አትሩጪ፤ ወደ ጎን፣ ሣር ወደሌለበት ሽሺ።

ኩራዙ ላይ ጋዝ ስትጨምሪ መጀመሪያ አጥፊው።

እሳት የነካሽ እንደሆነ ቅቤ አትቀቢ። እናቴም እኔም ስንቀባ ኖረናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት ያስጣለችን። ቅቤው ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል። ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ አፍስሺበት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አሁን ደግሞ ስለ ራስሽ። ነፍሰ ጡር ሆነሽ በዚያ ሙቀት ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ እንደምትውዪ ነገሩኝ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ለእርጉዝ ይፈቅዳሉ። ውኃ ለመቅዳት በማለዳ ውጪ፣ ቀትርን ጥላ ሥር አሳልፊ። ራስሽን አዙሮሽ ላብሽ ከደረቀ ቤት ተኝቼ ይለፍልኝ አትበዪ።

አባትሽ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ባልዲ አሠርቶልሻል። እጀታው ትንሽ ይጠብቃል፤ ግን ክዳኑ ደህና አድርጎ ይገጥማል። ቅዳሜ ወደ ደጀን በሚወርደው መኪና ይደርስሻል፤ ከውስጡ ሽሮና በርበሬ አለ፤ እሱን አውጥተሽ በዚያው ቀን አመድ ጀምሪበት።

እናትሽ