ይድረስ ለዓለሜ

ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ወገቤ አልፎ አልፎ ከሚያስቸግረኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ «እንደምን ከርመሻል» ስልሽ «ደፋር!» እንደምትይኝ አውቃለሁ። በይ። ተቀይሜሽ አልነበረም። እማማ ያረፉ ሰሞን የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ሰባታቸው አለፈ፣ አርባቸው አለፈ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልደውል? ዘግይቶም ቢሆን እግዚአብሔር ያጥናሽ። ነፍሳቸውን ይማር።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የድሮ የድምፅ መልእክትሽ ነው። ስልኬ ሞልቶ ሳጸዳ አገኘሁት። «ለዘጠነኛ ክፍሎቼ የሚሆን የቃላት መጽሐፍ ላኪልኝ፤ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሆንባቸው ይደናገጣሉ» ብለሽኝ ነበር። መጽሐፉን አልላክሁም። አሁንም አልልክም፤ ምክንያቴን ግን ስሚኝ።

ያ ደብተራችን ትዝ ይልሻል? ገጹን ለሁለት አጥፈን በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን፣ አንድ ለአንድ። «ረን» መሮጥ። «ድሮው» መሳል። «ፓስ» ማለፍ፣ ያውም ፈተና። ትንንሾቹን በሦስተኛ ክፍል ጨረስናቸው ብለን ረጃጅሞቹን ስናሳድድ ስንት ሻማ አቃጠልን! እዚህ ሜሪላንድ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ነርስነት ስቀጠር ረጃጅሞቹን የሚጠራቸው ጠፋ። መሳቂያ ያደረጉኝ እነዚያ ሚጢጢዎቹ ናቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት «ቻርጅ ነርሷን ጥሪያት» ተባልኩ። ቻርጅ ማለት ለኔ ወይ ስልክ ነው ወይ ሒሳብ ማስከፈል ነው፤ ሒሳብ ተቀባይዋ መስላኝ ምድር ቤት ወዳለው ቢሮ ወረድኩ። ለካ የፈረቃው ኃላፊ ነርስ ናት፣ አጠገቤ ነበር የቆመችው። አንዲት አሮጊት ደግሞ መጋረጃውን «ድሮው» አድርጊልኝ ሲሉኝ ዘጋሁት፤ እሳቸው መክፈቴን ነበር የፈለጉት። ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል፣ መሳቡን እንጂ ወዴት እንደሚሳብ አይናገርም። ደም መቅዳትም «ድሮው» ነው። «ዲስቻርጅ» ቢሉሽ በሽተኛው ድኖ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው ወይስ ቁስሉ መግል እያወጣ ነው? ከፊታቸው ካላነበብሽ በቀር አታውቂውም።

እስካሁን የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ጠዋት ፈረቃ ልረከብ ስገባ የሌሊቷ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የጥግ ክፍሉ ሽማግሌ ሌሊት «ፓስ» አደረጉ አለችኝ። ሰውዬው በዚያው ሳምንት የመዋጥ ምርመራ ወድቀው ምግባቸው እየተፈጨ ነበር የሚሰጣቸው። ደግመው ተመርምረው ያለፉ መሰለኝና በደስታ «ጉድ ፎር ሂም!» አልኳት። ልጅቷ አፍጥጣ አየችኝ። የቁርስ ትሪያቸውን ይዤ ክፍላቸው ስገባ አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ጠረጴዛው ላይ የመነጽራቸው ማኅደር ብቻ ቀርቷል። ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

የሚያናድደው በኛም እኮ ያው «አለፈ» ነው! ማትሪክም ይታለፋል፣ ከዚህ ዓለምም ይታለፋል። በአማርኛ ቢነግሩኝ በድምፅዋ ብቻ ይገባኝ ነበር። እንግሊዝኛውን ግን ደብተሬ ከፈተና ጋር አጣብቆ አስሮብኛል፤ ጆሮዬ ከደብተሩ መውጣት አቃተው።

ኋላ ስከታተለው ነገሩ የኔ ድንቁርና ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በፈረንጅ 1989 ሲታተም ከሁሉ ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሴት» የሚለው ቃል ነበር (የኛዋ ሴት አይደለችም፣ ማስቀመጥ እንደማለት ነው)። በግስነቱ ብቻ 430 ትርጉም አለው። መዝገቡ ሲታደስ ደግሞ «ረን» 645 ይዞ ቀደመው። በኛ መጦሪያ እንኳ አፍንጫ ይሮጣል፣ ትኩሳት ይሮጣል፣ የገላ መታጠቢያ ውሃ ይሮጣል፣ ሥራ አስኪያጇ ቤቱን «ታሮጠዋለች»። እግሩ የሚሮጥ ሰው ብቻ የለም።

ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ በ1930 ለተማሪ ይቅለል ብሎ 850 ቃል ብቻ መርጦ ነበር፤ ከነዚያ ግሶቹ 18 ብቻ ናቸው። ተማሪ ሲሰማው እልል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን «ፑት»፣ «አፕ»፣ «ዊዝ» ሦስቱም እዚያው ውስጥ አሉ፤ ደርድረሽ ስትጠሪያቸው «መቻል፣ መታገስ» ይሆናሉ። ከሦስቱ በየትኛው ውስጥ ትዕግሥት አለ? ቃላቱን ቀነሰ እንጂ ጣጣውን አልቀነሰም። ብዙ ያገለገለ ቃል እንደ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ሥራ ሁሉ በሱ ላይ ይቆለላል። የኛን «ገባ» እዪው፤ ፀሐይ ትገባለች፣ ሰው ቃል ይገባል፣ ትምህርት ይገባል፣ ክብር ለሚገባው ይሰጣል። ቆጥረነው አናውቅም እንጂ።

ስለዚህ ለልጆችሽ ደብተሩን ለሁለት እንዳያጥፉ ንገሪያቸው። ቃሉን ብቻውን አይጻፉት፣ ከነጓደኛው ይጻፉት፤ መጋረጃ ከሚለው ጋር አንድ መስመር፣ ደም ከሚለው ጋር ሌላ መስመር። የሚያውቁት ቃል ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ትርጉም አልሰጥ ካላቸው ያ ቃል ሌላ ሥራ ላይ ነው፣ ይጠርጥሩት። አንቺ ደግሞ በአንድ ፍቺ ብቻ አርመሽ ኤክስ አታድርጊባቸው። እኛን እንደዚያ ነበር የሚያደርጉን።

ይህን ስጽፍልሽ እዚህ የተወለደው ልጄ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ያነባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ስለሚማር የተጻፈ ነገር አያመልጠውም። ከላይ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ያልኩሽ ጋ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበትና «ማሚ፣ እግዚአብሔር እሷን ለምንድነው የሚያጠናት? ፈተና አለበት?» አለኝ። ለካ ማጥናት ሲባል እሱ የሚያውቀው የቤት ሥራውን ብቻ ነው። እናቷ የሞተችባት ሰው እንዳትወድቅ፣ እንድትበረታ የሚባል ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «ደውለሽ ነገርሻት?» አለኝ።

እሑድ በናንተ ማታ እደውላለሁ። ካላነሳሽው ደግሞ ሰኞ።

ያንቺው ናፋቂ