ታፔላው ከስሙ ቀድሞ ባይሠራ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አዲስ ንግድ አከፋፈት ሲጻፍ ካፒታሉ፣ ቦታውና ግብሩ በሰፊው ይወሳሉ። ስሙ ግን «እሱ አይቸግርም» ተብሎ ይታለፋል። ቸግሮ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008፣ በአዋጅ 1150/2011 እንደተሻሻለው፣ ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነውን ብቻ ሳይሆን እስኪያሳስት ድረስ የሚመሳሰለውንም ይከለክላል። አመልካቾች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ፊደል ሞክሼ አለው። «ፀሐይ»ን ውሰዱ። ፀ ወይም ጸ፣ ከዚያ ሐ፣ ሀ ወይም ኀ፤ ስድስት አጻጻፍ ሆነ። ሰው በልማድ የሚጽፋቸው ሃ እና ኃ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። «ኅብረት»፣ «ሕብረት»፣ «ህብረት»ም እንዲሁ ናቸው። አንዱን አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «አልተያዘም» ብሎ መደሰት ከንቱ ነው፤ ጆሮ አንድ አድርጎ የሚሰማውን መዝጋቢውም ሊያመሳስለው ይችላል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ሁሉንም አጻጻፍ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም መንገድ ጭምር፣ አንድ በአንድ ፈልጉ። ሦስት አማራጭ ስም ይዞ መሄድም ይበጃል። ሦስቱም ግን «አዲስ»፣ «ሸገር»፣ «አቢሲኒያ» እያሉ የሚጀምሩ ከሆነ እንደ አንድ አማራጭ ቁጠሯቸው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የሃይማኖት ተቋም፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም የብሔር ብሔረሰብ ስም አይፈቀድም፤ ለመልካም ሥነ ምግባር ተቃራኒ የሆነም እንደዚሁ። «ባንክ» የሚለው ቃል ፈቃድ ላለው ባንክ የተጠበቀ ስለሆነ ለቡና መሸጫ ማማሪያ አይሆንም።

ማኅበር ለሚያቋቁሙ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ወይም «አክሲዮን ማኅበር» የሚለው የስሙ አካል ነው። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ የፈቀደው ባለ አንድ አባል ማኅበርም ይህንኑ በስሙ ላይ ማሳየት አለበት። ስሙ ሳይፈቀድ መመሥረቻ ጽሑፉን አስፈርሞ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ መሮጥ ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል፤ ስሙ ከተቀየረ ሰነዱ ተስተካክሎ እንደገና ይረጋገጣል። ሁለተኛው፣ የድርጅት ስምና የንግድ ስም የተለያዩ ናቸው። ማኅበሩ በአንድ ስም ተቋቁሞ ካፌውን በሌላ ስም ከከፈተ፣ ያ ሁለተኛው ስም ለብቻው መመዝገብ አለበት።

የንግድ ስም ምስክር ወረቀት የንግድ ምልክት አይደለም። ስማችሁን በዘይት ጠርሙስ ወይም በዱቄት ከረጢት ላይ የምታትሙ ከሆነ፣ ለምልክቱ ጥበቃ የሚሰጠው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ጥበቃው 7 ዓመት ይቆያል፣ ይታደሳልም። «ንግድ ቢሮ መዝግቦልኛል» የሚለው መልስ ምልክቱን አስቀድሞ ያስመዘገበ ሰው ሲመጣ አያድንም። ሁለቱን መዝገብ አስቀድሞ ማየት ይሻላል፤ ብዙ ሰው ግን ሁለተኛው መዝገብ መኖሩንም አያውቅም።

ኪሳራው የሚታየው ስሙ ሳይጸድቅ ማኅተም ያስቀረጸ፣ ታፔላ ያሠራና ካርድ ያሳተመ ሰው ዘንድ ነው። ስሙ የሚቀየረው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ደግሞ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር መለያው፣ የደረሰኙ ኅትመት፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑና የባንክ ሒሳቡ ሁሉ በአዲሱ ስም ይስተካከላሉ፤ ማኅበር ከሆነ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይጸድቃል። አንዲት ፊደል ብትለያይ እንኳ ባንኩ ቼክ ሊመልስ፣ ገዢው ደረሰኙን አልቀበልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ለታፔላ ሠሪውም ሆነ ለማተሚያ ቤቱ ስሙን በቃል ወይም በስልክ አትንገሩ፤ የምዝገባ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ስጧቸው፣ ናሙናውንም ፊደል በፊደል ሳታመሳክሩ አትፈርሙ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የንግድ ምዝገባ አማካሪ፣ ከአዲስ አበባ