የቅሬታ ደብዳቤ፦ «ተጠግኗል» የሚል ውጤት አይታችሁ ኮምፒውተራችንን ለምን ፎርማት አደረጋችሁት?

ለኮምፒውተር ጥገና ቤታችሁ ኃላፊ
ጅማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ጉዳይ በቃል ነግሬያችሁ ነበር፤ የሚሰማኝ ስላጣሁ በጽሑፍ አመጣሁት። የኮምፒውተራችንን የምርመራ ውጤት በቅጡ ሳታነቡ ፎርማት አድርጋችሁ፣ ማለትም ዲስኩን ባዶ አድርጋችሁ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጭናችሁ፣ የሒሳብ መዝገባችንን አጠፋችሁ። ቀጥላችሁ ደግሞ ምንም ያልሆነውን ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ቀይሩ አላችሁን።

እኛ ቡና አቅራቢዎች ነን። ከማናና ከጎማ ገበሬዎች እሸት ቡናና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) እንገዛለን። ሒሳቡ የሚያዘው ቢሮ ባለችው አንዲት ዴስክቶፕ ነው፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር። ማሽኗ ስታርት ሜኑዋ አልከፈት እያለ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ስክሪን እያወጣች ስታስቸግረን ሲፒዩውን በባጃጅ ጭኜ ወደ እናንተ አመጣሁ። የቡና ወቅት ስለነበር ቶሎ እንዲያልቅልኝ ለመንኳችሁ። ቴክኒሻናችሁ የዊንዶውስን ፋይሎች የሚመረምረውን፣ ኤስኤፍሲ ስካንናው የሚባለውን ትእዛዝ አሂዶ፣ የጥቁሩን መስኮት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ «ሲስተም ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይፈልጋል» ብሎ ጻፈ። ዳታው እንዳይጠፋ አደራ አልኩት። «ችግር የለም፣ እናስቀምጣለን» አለኝ።

ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። መስኮቱ ላይ የተጻፈው ዊንዶውስ የተበላሹ ፋይሎች አግኝቶ በተሳካ ሁኔታ እንደጠገናቸው ነው። ጠግኛለሁ ነው የሚለው! ልጁ ግማሹን አንብቦ ፎርማት ላይ ደረሰ። በዚያ ሰዓት መደረግ የነበረበት ማሽኗን አጥፍቶ ማስነሳት፣ ምርመራውን ደግሞ ማሄድ፣ ችግሩ ከተመለሰ ደግሞ ለምን ተመለሰ ብሎ መፈለግ ነበር።

ይህ ምርመራ የሚሰጠው መልስ ጥቂት ነው፤ ኮምፒውተር እየጠገነ የሚኖር ሰው ለይቶ ሊያውቀው ይገባል። ምንም ጉድለት አላገኘሁም ካለ የሲስተም ፋይሎቹ ደህና ናቸው፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ ማለት ነው። አግኝቼ ጠግኛለሁ ካለ የእኔ ጉዳይ ነው፣ ነገርኳችሁ። አግኝቼ ከፊሉን መጠገን አልቻልኩም ካለ ገና ሥራ አለ። የተጠየቀውን መፈጸም አልቻልኩም ካለ ደግሞ ምርመራው ራሱ አልተካሄደም፤ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብቶ እንደገና መሞከር ነው። ከነዚህ ውስጥ ቫይረስ አለ የሚል አንድም የለም። ኤስኤፍሲ ቫይረስ አይፈልግም። የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተቀመጠው ጤነኛ ቅጂ ጋር እያስተያየ የተበላሸውን ይተካል፣ ሥራው ይኸው ነው። የእኛን ሰነድም ሆነ ፒችትሪን አይነካም። ታዲያ የቫይረሱ ወሬ ከየት መጣ? አንቲቫይረስም በዚሁ ሰበብ ሸጣችሁልኛል።

አሁን ወደ ዋናው ሐዘኔ ልምጣ። ዴስክቶፕ ላይና ዶክመንት ፎልደር ውስጥ ያለውን ቀድታችሁ አስቀመጣችሁ፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። የፒችትሪው ዳታ ግን እዚያ አልነበረም፤ ሲ ድራይቭ ላይ በራሱ ፎልደር ነበር የተቀመጠው። የሂሳብ ሶፍትዌር ያለበት ማሽን ሲመጣ ዳታው የት ነው ብሎ መጠየቅ የጥገና ሀሁ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ገበሬው ቡናውን አስረክቦ ቀሪ ሒሳቡን ሊቀበል ሲመጣ፣ ስንት ኪሎ እንዳስረከበና ስንት እንደወሰደ ከስክሪን ላይ ማሳየት አቃተን። የሂሳብ ሠራተኛችን ከወረቀት ደረሰኝ እያየች፣ ከየጥራዙ እየለቀመች፣ ሌሊት ሳይቀር ቁጭ ብላ እንደገና አስገባችው። የተቀደደውና ዝናብ የነካው ደረሰኝ ግን አልተገኘም። ለእነዚያ ገበሬዎች ቃላቸውን አምነን ከፈልን። ይህን የምጽፈው ከእናንተ ዘንድ ቀላል የመሰለው ውሳኔ እኛ ቤት ምን እንዳደረገ እንድታውቁት ነው።

ሌላም አለ። ኤስኤፍሲ ያገኘውንና የጠገነውን ፋይል በስም እየጠራ ሲቢኤስ ሎግ በሚባል ፋይል ውስጥ ይመዘግባል። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሎግስ፣ እዚያ ውስጥ ሲቢኤስ የሚል ፎልደር አለ፤ ሎጉ እዚያ ነው። ረጅም ነው፤ የዊንዶውስ አፕዴት ነገርም ስለሚቀላቀልበት ያሰለቻል። ግን ኤስአር የሚል ምልክት ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። እሱን አይታችሁ ቢሆን የትኛው ፋይል እንደተነካ ታውቁ ነበር። ፎርማት ስታደርጉ ሎጉም አብሮ ጠፋ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ብልሽት ምን እንደነበር ዛሬ ማንም ሊያረጋግጥልኝ አይችልም።

ፎርማቱም ቢሆን አልረዳም። ብዙም ሳይቆይ ማሽኗ ያው ሆነች። መልሼ ሳመጣላችሁ ኤስኤፍሲ ከፊሉን መጠገን አልቻልኩም አለ። እናንተም ያለ ምንም ተጨማሪ ምርመራ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» ብላችሁ ዋጋ ነገራችሁኝ። ከዚህ መልስ ተነስቶ ማዘርቦርድ ላይ የሚያደርስ መንገድ የለም! ያ መልስ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው መተኪያው ቅጂ ራሱ እንደተጎዳ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይጠገናል።

ማሽኗን ይዤ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ይማራል፤ ቅዳሜ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሠራው። መጀመሪያ አዲሱን ዳታ በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ቀዳ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕትን (ያንን ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ፣ መተኪያውን ቅጂ የሚጠግነውን ዲዝም የሚባል ትእዛዝ በሪስቶርሄልዝ አሄደ። ይህ ጤነኛ ፋይሎችን ከማይክሮሶፍት ስለሚያወርድ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በሞባይል ዳታ ሠራነው። ቀጥሎ ኤስኤፍሲን ደገመው፣ ጠግኛለሁ አለ። ልጁ ግን በዚህ አላበቃም። ፋይል ዝም ብሎ አይበላሽም ብሎ የሃርድ ዲስኩን ጤንነት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ፕሮግራም አየ። ቢጫ፣ ማስጠንቀቂያ። ዲስኩ ላይ ሊነበቡ ያልቻሉ ቦታዎች ነበሩ። ይኸው ነው ነገሩ። በዚህ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ ደጋግሞ መጫን ምን ይፈይዳል? ፈጣኑ ፎርማት እኮ መጥፎ ሴክተር፣ የተበላሸ የዲስክ ቦታ፣ አይፈትሽም። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ በሥራ ላይ ያለ ማሽን ድርግም ማለቱም ለሲስተም ፋይል አንዱ ጠንቅ ነው፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ሃርድ ዲስኩን የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ ቀየርን፣ ዩፒኤስ ገዛን። ሄዷል ያላችሁት ማዘርቦርድ ይኸው ዛሬም ይሠራል።

የምጠይቀው ይህ ነው። የፎርማቱንና የአንቲቫይረሱን ክፍያ መልሱልኝ፤ ደረሰኙ በእጄ ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ ላሳያችሁ እመጣለሁ፤ ቴክኒሻኑ ባለበት አብረን እናንብበው። ልጁን እንድትቀጡት አልፈልግም፣ ታታሪ ነው፣ ያላስተማረው ሰው ነው ጥፋተኛው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ለማንም ደንበኛ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የምርመራው ውጤት ምን እንደሚል፣ የዲስኩ ጤንነት ምን እንደሆነና የትኛው ዳታ እንደተቀዳ በወረቀት ጽፋችሁ አስፈርሙ። ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ የሚመጣላችሁ ተማሪ ብዙ ነው፤ በእኛ የደረሰው በእሱ እንዳይደርስ።

ክፍያውን የማትመልሱ ከሆነ ምክንያታችሁን በጽሑፍ ስጡኝ፤ እሱን ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ፣ ደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ